በነጩ ጎን ላይ የበቀለ ጥቁር

በባሕር ዳር ጥንቸል የሚያረባ ሰው በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚመልሰው ጥያቄ አለ። «ይበላል እንዴ?» ይሉታል። ባጃጅ ነጂው ጭኔ ላይ ያለውን ካርቶን በመስታወቱ አይቶ ይጠይቀኛል። ገበያ ዳር የተጣለ የጎመን ቅጠል ስለቅም ሻጯ ትጠይቀኛለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቆሜ አስረዳ ነበር፤ የሚበላው ሕዝብ እንዳለ፣ እኛ እንደማንበላ፣ እኔ የማረባው ለዘሩ ብዬ እንደሆነ። ኋላ ደከመኝና «አይበላም» ብቻ ማለት ጀመርሁ። «ታዲያ ምን ያደርጋል?» ካሉኝም «ይቀመጣል» እላቸዋለሁ።

ሥራዬ በአንድ ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ረዳትነት ነው። ረዳት ስባል ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የረዳኋቸው ልጆች ዶክተር ሆነው ተመልሰው አሁንም «ረዳቷን ጥሯት» ይላሉ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት ለእንስሳት ክፍላችን ጥንቸሎች አምጥቶ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ፣ እንደ ልማዱ፣ ታፔላው ቀረ፤ ለጥንቸሎቹ ግን መኖ የሚፈርም ጠፋ። «ይወገዱ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ስድስቱን በካርቶን አድርጌ ዓባይ ማዶ ወደሚገኘው ቤቴ ወሰድኋቸው። አዝኜላቸው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን እልህ ነው። ሦስት ዓመት የመገብኋቸው፣ የመዘንኋቸውና አንድ በአንድ የጻፍኋቸው እንስሳት በአንድ መስመር ደብዳቤ ይወገዱ መባላቸው አናደደኝ።

ስድስቱ ከአንድ ንጹሕ ዘር ነበሩ። መላ ሰውነታቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ቀይ፤ አፍንጫቸው፣ ጆሯቸው፣ እግራቸውና ጭራቸው ብቻ ጥቁር። የከሰል ማዳበሪያ ውስጥ አፍንጫዋን የከተተች ነጭ ድመት ይመስላሉ። ቅልቅል የሆኑ ሌሎችም ነበሩኝና የፀጉር ቀለም ያስተማሩኝ እነዚያ ናቸው። ስለ ጥንቸል ቀለም በአማርኛ የሚነገር ቃል ስላጣሁ ከበሬና ከዶሮ ተዋስሁ። ፀጉሩን እፍ ሲሉት ሥሩ አመድማ፣ መሃሉ ቢጫ፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ቀለበት ቀለበት የሚታየውን ገብስማ አልሁት። ጥቁሩ ደብዝዞ የዝናብ ደመና የሚመስለውን ዳልቻ አልሁት። ቀዩን ዳማ አልሁት።

ስሙ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ጠባዩ ነው። ሁለት ጥቁሮች ያጋቡና ከስምንት ልጅ ሁለቱ ዳልቻ ሆነው ቁጭ ይላሉ። አባትም እናትም ዳልቻ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን በደማቸው ደብቀውት ኖረዋል። ከገብስማና ከገብስማ ጥቁር ይወለዳል፤ ከጥቁርና ከጥቁር ግን ገብስማ አይወለድም። ድፍን ነጩ ከሁሉም የባሰ ነው። ነጭ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል፤ ሥሩ ምን እንዳለ ልጆቹ እስኪወለዱ አይታወቅም። ይህን ለተማሪዎች ስነግር «እንደ ሰው ነዋ» ይላሉ። በየዓመቱ ይህንኑ ይላሉ፤ እኔም በየዓመቱ እንደ አዲስ እስቅላቸዋለሁ።

የኔዎቹ ባለ ጥቁር ጫፎች ደግሞ የራሳቸው አመል አላቸው። ሲወለዱ ነጭ ናቸው። ጥቁሩ የሚመጣው ኋላ ነው፤ የሚመጣውም ሰውነታቸው በሚቀዘቅዝበት ቦታ፣ ጆሮና አፍንጫና እግር ላይ ብቻ ነው። በሚያዝያ ሙቀት ያደጉት ጆሯቸው ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ በክረምት ያደጉት እንደ ጥላሸት ይጠቁራሉ። ቀለሙ በደማቸው አለ፤ ብርድ ካልነካው ግን አይወጣም። ይህንን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ለስንት ዓመት ተናግሬዋለሁ። አንባቢ እንዳይረሳው እለምናለሁ፤ እኔ ረስቼዋለሁና።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ከዱርቤቴ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች። የመጀመሪያውን ቀን ጓሮ ዘልቃ አየቻቸውና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተመለሰች። ቆራቢ ናት፤ ያልተፈቀደ እንስሳ ነው፣ ያመሰኳል እንጂ ሰኮናው አልተሰነጠቀም ብላ ፈረደችበት።

«እኔ ከእነዚህ ጋር በአንድ ጆግ ውኃ አልቀዳም» አለች።

አልቀዳችምም። ለሷ ክፍል የራሷን ባልዲ፣ የራሷን ጆግ፣ ለጠበሏ የራሷን እንስራ ገዛን። ጓሮ ስትወጣ በግድግዳው በኩል ጥግ ጥጉን ይዛ ትሄዳለች። ስማቸውንም አትጠራም፤ «እነዚያ» ነው የምትላቸው።

የደብተሬን ነገር ስትሰማ ባሰባት። ዘር አጥርቶ ማቆየት ማለት፣ በግልጽ እንነጋገር ከተባለ፣ ዘመድ ከዘመድ ማጋባት ነው። ጥሩ ወንድ ከሴት ልጁ ጋር ይገናኛል፣ ወንድም ከግማሽ እህቱ ጋር ይገናኛል፤ የዘር ሐረጉ በደብተር ይያዛል። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ደብተሩን ይዤ ስጽፍ እናቴ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኋት።

«አባቱን ከልጁ?»

«አዎ።»

«ሰባት ቤት ሳትቆጥሪ?»

«እማዬ፣ ጥንቸሎች ናቸው እኮ።»

«ጥንቸልስ ቢሆን አባት የለውም?» አለችና አማተበች።

የሰባት ቤት ቆጠራን ለእኔ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በሃያ አራት ዓመቴ የሚያገባኝ ሰው መጥቶ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ እናቴ ቆጥራ ቆጥራ በስድስተኛው ቤት አንድ የጋራ አያት አገኘች። ሠርጉ ቀረ። እሱ ሌላ አገባ፤ እኔ ደብተር ያዝሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በቀልድ አስመስዬ፣ «ያን ጊዜ አንዷን ቤት ብትረሻት ምን ነበረበት?» አልኋት። «ቤት አይረሳም» አለችኝ። እሷ አልቀለደችም። ቂም ይዤባት እንደሆነ አላውቅም፤ ይዤ ቢሆን ኖሮ አሮጌ ቂም ነው፣ ቦታውን የለመደ።

ባለፈው ዓመት በሰኔ በሽታ ገባ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅልቅሎቹ አለቁ፤ ከንጹሖቹም አንድ ወንድና አንዲት ያረጀች፣ መውለድ ግን ያላቆመች ሴት ብቻ ተረፉ። የሚገርመው ያን ሰሞን ነው ኮሌጁ ጥንቸል ያስታወሰው። አዲሱ የክፍል ኃላፊ፣ ልጅ ቢኖረኝ የልጄ እኩያ የሚሆን ጨዋ ሰው፣ ቤተ ሙከራ ድረስ መጣ።

«እርስዎ ጋ ያለው የድሮው ዘር ንጹሕ ነው?» አለኝ።

«ንጹሕ ነው።»

«በደብተር ይመሰክራሉ?»

«እመሰክራለሁ።»

በመስከረም ቤት ተሠርቶ፣ መኖ ተመድቦ፣ ጥንዱን ሊረከበኝ ተስማማን። በዚያ ዕድሜዬ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ጉልበቴ ያመኛል፣ ሣር መሸከም ሰልችቶኛል፣ ሽቦ ማሰር ሰልችቶኛል፤ ቢሆንም ይህ ነገር ከእጄ ወጥቶ በሌላ እጅ እንዲቀጥል እፈልግ ነበር። ሁለቱ እስከ መስከረም ከቆዩ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቴ ባለቤት ያገኛል። አንዱ ከጎደለ ግን ደብተሩ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወንዱን የተቀደደ ሽቦ ግራ ጎኑን ወግቶት ቁስሉ መግል ያዘ። የመዳፌን ያህል ቦታ ፀጉሩን ላጨሁ፣ እባጩን ከፈትሁ፣ አጠብሁ፣ አዮዲን ቀባሁ። በሦስተኛው ቀን ወረታ ለአሥር ቀን ሥልጠና ሂጂ ተባልሁ። ቅሪ ብባል ደስታዬ፤ የመንግሥት ሥራ ግን ደስታ አይጠይቅም። ጎረቤቴ ባሏ አትክልት የሚነግድ ሙስሊም ሴት ናት፤ ከሱቅ የሚተርፈውን ቅጠል ሁልጊዜ ለእኔ ታስቀምጥልኛለች። «ሣሩንና ውኃውን ለእኔ ተይው፤ ቁስል ግን ማየት አልችልም፣ ያዞረኛል» አለችኝ። እናቴን ምንም አልጠየቅኋትም። ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?

በአራተኛው ቀን መንገድ ተዘጋ። አሥር ቀን የተባለው ወደ ሁለት ወር ተጠጋ። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሐይቁን ዞሮ ማዶ ለማዶ እንደመተያየት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ለአራት ሆነን፣ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል እያልን፣ በሁለት ቅያሪ ልብስ ክረምቱን ጨረስነው። ስልክ አንዳንድ ቀን ይሠራል። ሲሠራ ለእናቴ እደውላለሁ።

«ወንዱስ?» እላታለሁ።

«አለ።»

«ቁስሉስ እማዬ?»

«እኔ ምኑን አውቄ» ትለኛለች። ከዚያ ስለ ዝናቡ ታወራለች።

መስከረም አጋማሽ ላይ መንገዱ ተከፍቶ ቤቴ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጓሮ ገባሁ። ወንዱ በሕይወት አለ። ወፍሯል፣ ዓይኑ ጠርቷል፣ ቁስሉ ደርቋል። ከግራ ጎኑ ላይ ግን፣ ነጭ መሆን በነበረበት መሃል፣ የመዳፍ ያህል ድፍን ጥቁር በቅሎበታል።

ሽቦውን ይዤ ቆምሁ። በዚህ ዘር ጎን ላይ ጥቁር ማለት የተቀላቀለ ደም ማለት ነው፤ እኔ ራሴ በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፍሁት ሕግ ነው። ወዲያው አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ከሦስት ትውልድ በፊት አንዷ ሴት ከቤቷ ወጥታ ግማሽ ቀን ጓሮ ውስጥ ከአንድ ጥቁር ቅልቅል ጋር ውላ ነበር። ምንም አልሆነም ብዬ አለፍሁት፤ ደብተሩም ላይ አልጻፍሁትም። ያች ያልጻፍኋት ግማሽ ቀን ናት ዛሬ የወጣችው አልሁ። ንጹሕ ነው፣ እመሰክራለሁ ብዬ ስናገር የዋሸሁ መሰለኝ።

አሁን ሳስበው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የማይሳሳተው ስሕተት ነው። ቅልቅል ደም ቢሆን ኖሮ ገና በልጅነቱ በታየበት ነበር፤ ያደገ ጥንቸል በሁለት ወር ውስጥ ዘሩን አይለውጥም። ደግሞም ጥቁሩ የበቀለው የት ነው? የላጨሁት ቦታ ላይ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ልናገረው የሚከብደኝን ልናገር፤ ደክሞኝ ነበር። ጥቁሩን ሳይ ከድንጋጤው ሥር ትንሽ እፎይታ ነበረ። እንግዲህ በቃ፣ አለቀ፣ ሣር መሸከም ቀረ የሚል ሐሳብ ቀድሞኝ መጣ። ያ ሐሳብ ከመጣ በኋላ ሌላ ነገር አልመረመርሁም።

በማግስቱ ለኃላፊው ዘሩ እንዳልጠራ ነገርሁት። አዘነ፤ አልተቆጣኝም። «ሴቷስ?» አለኝ። «አርጅታለች፣ ሌላ ንጹሕ ወንድ እስኪገኝ የመውለጃ ጊዜዋ ያልፋል» አልሁት። ከዚያ፣ እንደሚፈራ ሰው፣ ተማሪዎች ሲገቡ ወንዱን ለአካል ክፍሎች የተግባር ትምህርት መስጠት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እሺ አልሁት። እሺ ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ያን ሰሞን እናቴ ተለውጣ ነበር፤ አይቼ አለፍሁት። ጠዋት እንደ ወትሮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም። ጎረቤታችን ከቅጥሩ ውጪ፣ ደጁ ላይ ከችግረኞቹ ጋር ቆማ እንዳየቻት ነገረችኝ። መቁረብም ትታለች። ማለዳ ማለዳ በግድግዳው በኩል ስትሰግድ ጉልበቷ ሲንቋቋ ይሰማኛል። የእድሜ ነገር ነው፣ አባቴን አስባ ነው አልሁ። ሰው ሲደክመው ለሁሉም ነገር ቅርብ ያለውን ምክንያት ያነሳል።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ወንዱን በካርቶን አድርጌ ስወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ።

«የት ልትወስጅው ነው?»

«ኮሌጅ።»

«ይመለሳል?»

«አይመለስም እማዬ። ዘሩ ተበላሽቷል።»

ካርቶኑን አየችው። እጇን ወደ ክዳኑ ዘረጋችና መለሰችው። «በእኔ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። በሩን ዘግቼብሽ ነው ወይም መንገድ ይዤብሽ ነው ማለቷ መስሎኝ «ኧረ ግድ የለም» ብያት ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ነጂው ካርቶኑን አይቶ «ይበላል እንዴ?» አለኝ።

በመርፌ ለዘላለሙ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ነው፤ ስንቱን አስተኝቻለሁ። እጄ ውስጥ አልታገለም፤ ሰው የለመደ፣ ጭን የለመደ እንስሳ ሆኖ ነበር። ከማን ለመደ ብዬ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። ተማሪዎቹ ቆዳውን ሲገልጡ አንዲት ከፊት የቆመች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እዚህ ጠባሳ አለ። ፀጉሩ ጠባሳው ዙሪያ ብቻ ለምን ጠቆረ?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት መልሱ መጣ። ላለፉት ስንት ዓመታት የተናገርሁት ያው መልስ ነው፤ ይህ ዘር የሚጠቁረው ሲቀዘቅዝ ነው። ከጥቁሩ መሃል እንደ ሳንቲም ክብ ጠባሳ አለ፤ በዙሪያው ያለው ጥቁር ልክ እኔ የላጨሁትን ያህል ነው። የተላጨ ቦታ አዲስ ፀጉር ሲያበቅል ከቀዘቀዘ ጥቁር ያበቅላል። ዘሩ ምንም አልሆነም። «ቀዝቅዞ ነው» አልኋት። ልጅቷ ጻፈች። እኔ ጓንቴን አውልቄ ወጣሁና መስኮቱ አጠገብ ቆምሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ጎንን የሚያህል ሙቅ ቦታ፣ ቤት ውስጥ ያለ እንስሳ፣ በምን ቀዘቀዘ?

ቤት ስገባ እናቴ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

«እማዬ፣ እኔ ወረታ ሳለሁ የወንዱ ቁስል ላይ ምን አደረግሽ?»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። 

«መግሉ ተመልሶ ሞልቶ ነበር» አለች። «አንች በደወልሽ ቁጥር እሱን ነው የምትጠይቂኝ። ድምጥሽ ይንቀጠቀጣል። ያች ጎረቤትሽ ቁስል አልችልም አለች። እና ቆሜ ልየው? የፍልሰታ ጠበል እንስራው ውስጥ ነበረኝ።»

የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ፣ ጠበሉ ውስጥ ነክራ፣ ጎኑ ላይ አስራለት ኖሯል። ጨርቁ ሲደርቅ እየነከረች፣ ጠዋትና ቀትርና ማታ። በአንድ ጆግ ውኃ አልቀዳም ያለችው ሴት ጭኗ ላይ አስቀምጣው። ፍልሰታው እስኪፈታ ሁለት ሱባዔ፣ ከዚያ እንዳያገረሽ ብላ አንድ ሱባዔ ጨመረች። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ፣ በክረምት፣ ከሸክላ እንስራ የወጣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ የሐይቁ ንፋስ በሚያገኘው ጓሮ።

«ለላም ይረጫል፣ ላም የተፈቀደች ናት» አለች። «ይኸ ግን የተከለከለ ነው። አውቄ ነው ያደረግሁት። ሽሮልኝ ይሆናል ስል ፀጉሩ ጠቁሮ ወጣ። በነጭ ላይ ጥቁር። እግዜር ያደረግሁትን እንዳየው ጣፈብኝ። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁ፤ አፈርሁ። እስከ ገና በቀን አርባ አንድ ልስገድ ብዬ ተሳልሁ። አንችንም የዘርሽን ነገር አበላሸሁብሽ።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ግድግዳው በኩል የሰማሁት የጉልበት ድምፅ ይኸ ነው። ነገሩን አስረዳኋት፤ ብርዱን፣ ጆሮውን፣ ሚያዝያንና ክረምቱን፣ ጠበሉ ሳይሆን ቅዝቃዜው እንደሆነ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

«እኔን ለማጽናናት ነው» አለች። «ልጅ እናቱን ማጽናናት ደግ ነው።»

አምና እንደማትቀበለኝ ገባኝ። ቤት የምትቆጥር ሴት በወሬ አታምንም። ስለዚህ ሴቷን አወጣሁና እናቴ ፊት ግራ ጎኗን፣ የመዳፌን ያህል፣ ላጨሁ። «አሁን አንቺ ነሽ የምታደርጊው» አልኋት። «እንደዚያው አድርጊ። ግን ከጠበሉ አይደለም፣ ከቧንቧው።» ቧንቧውን ራሷ ከፈተች፤ እኔ እንዳልነካው ጠበቀችኝ። ውኃውን በሌላ ሸክላ አሳድራ፣ ጨርቁን ነክራ፣ ጠዋትና ቀትርና ማታ አሰረች። ስግደቱን ግን አላቆመችም፤ «ሳላይ አልተውም» አለች። እኔ ከሥራ ስመለስ ጓሮ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሴቷን ጭኗ ላይ አድርጋ አገኛታለሁ። አንዳንድ ቀን ለጥንቸሏ ስለ ዱርቤቴ ስታወራ ሰምቻታለሁ።

ኅዳር ሲያልቅ ፀጉሩ መጣ። መጀመሪያ እንደ አመድ፣ ከዚያ እንደ ቡና፣ ታኅሣሥ በገባ በሦስተኛው ቀን ድፍን ጥቁር ሆነ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ፀጉሩን በጣቷ ወዲያና ወዲህ ገለጠችው፤ እፍ አለችበት።

«ጠበሉ አይደለማ» አለች።

«አይደለም። ብርዱ ነው።»

«ኃጢአቴም አይደለማ።»

«አይደለም እማዬ።»

ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ሦስት ወር የተሸከመችው ነገር ነበርና ደስ አለኝ፤ ለአፍታ እኔም ቀለለኝ። እሷ ግን ሴቷን እየዳሰሰች ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እንግዲያ ያ ወንዱ ምን አድርጎ ነው?»

ስለ ደብተሩ፣ ስለ ግማሿ ቀን፣ ለኃላፊው ስለገባሁት ቃል ልነግራት እችል ነበር። ሁሉንም አስቤ ሁሉንም ተውሁት።

«ምንም አላደረገም» አልኋት። «ደክሞኝ ነው።»

አልተቆጣችኝም። ሴቷን ቀስ አድርጋ ቤቷ ውስጥ አስገባች፣ ሽቦውን ዘጋች፣ እጇን በባልዲዬ ታጠበች። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቆማ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«ቅዳሜና እሑዱን ስታወጭ እስከ ገና አሥራ ስምንት ቀን ይቀራል» አለች። «የእኔ እዚህ ላይ አለቀ። የቀረው ያንች ነው።»

ሳቅ ብዬ አየኋት፤ እሷ አልሳቀችም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ምርኩዟን አነሳች፣ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አልፋ ልትገባ ሄደች።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ጓሮ ወጣሁ። ማዳበሪያ አነጠፍሁና መስገድ ጀመርሁ። መሬቱ ቀዝቃዛ ነው። ሴቷ ከሽቦው ጀርባ ሆና ታየኛለች፤ አጠገቧ ያለው የወንዱ ቤት እንደተከፈተ ነው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ እምቢ አለኝና እዚያው ቁጭ አልሁ። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። እናቴ በመስኮቷ በኩል «አሥራ ሁለት» አለች።